የአርሰናል የ2025/26 መርሐ ግብር፦ መስቀል ሳይደርስ ያልቅልናል?

ጥያቄው የተለጠፈው ሰኔ 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የመጪውን ዓመት መርሐ ግብር ያወጣ ዕለት። ለጣፊው የመገናኛ ልጅ ነው። አርሰናል የተሸነፈ ቀን ስልክ የማያነሣ ዓይነት ደጋፊ። ዝርዝሩን ገና እንዳየ ራሱን ይዞ ነው የጻፈው። ነሐሴ 11 ማንቸስተር ዩናይትድ በኦልድ ትራፎርድ። ቀጥሎ ሊድስ በሜዳችን በኤምሬትስ። ከዚያ ሊቨርፑል በአንፊልድ። ፎረስትና ማንቸስተር ሲቲ ተከታትለው ወደኛ ይመጣሉ። ስድስተኛው ኒውካስል ነው፣ ያውም በሴንት ጄምስ ፓርክ። እሱ እንደሚለው የደመራው ፍም ሳይበርድ የዋንጫው ነገር ያበቃለታል። ጥያቄው አጭር ነበር፤ ከነዚህ ስድስት ጨዋታዎች፣ ከ18 ነጥብ፣ ስንት ብንይዝ ይበቃናል?

ክሩ፣ ማለትም ከጥያቄው ሥር የተጻፈው የመልስ ሰንሰለት፣ 38 መልስ ድረስ ሄደ። ሁሉንም አልዘረዝርም። ሲሶው የትኛው አጥቂ ይምጣልን፣ ዮኬሬሽ ይሻላል ሼሽኮ የሚል ጭቅጭቅ ነው። እሱን ደግሞ በየፌስቡኩ ጠግበነዋል።

1ኛውን መልስ የጻፉት ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ ደጋፊ ናቸው። ከካኑ ዘመን ጀምሮ አርሰናል ናቸው። ካኑ በ1999 እ.ኤ.አ. ስታምፎርድ ብሪጅ ላይ ሦስት አግብቶ ቼልሲን 3 ለ 2 ያሸነፍን ቀን የነበሩበትን ቤት እስከ ወንበሩ ያስታውሳሉ። ለልጁ በአባት ወግ መለሱለት። ሁሉም ቡድን ከሁሉም ጋር ሁለት ጊዜ ይጫወታል፣ ቅደም ተከተሉ ሊያስደነግጥህ አይገባም አሉት። በ2003/04 ቡድኑ 26 አሸንፎ በ12ቱ አቻ ሲወጣ ማንም ቀን እየቆጠረ አልተጨነቀም ብለውም አከሉ። ትንሽ እውነት አላቸው። ግን ያ ቡድን አንሪና ቪዬራ ነበሩት፤ ይህንን ጋሼ ዘለሉት።

2 ቁጥር ላይ የሐዋሳው የሒሳብ ሠራተኛ መጣ። ይሄ ሰው ኳስን እንደ ደረሰኝ ነው የሚያየው። ያለፈውን ዓመት ተመሳሳይ ጨዋታዎች አንድ በአንድ አወጣ። ኦልድ ትራፎርድ 1 ለ 1። አንፊልድ 2 ለ 2። ፎረስትን በሜዳችን 3 ለ 0። ሲቲን በሜዳችን 5 ለ 1፣ ይህቺን ማን ይረሳታል። ኒውካስል ላይ 1 ለ 0 ተሸነፍን። ሊድስን እናሸንፋለን ብሎ ደመረና 11 ነጥብ አገኘ። በእሱ ሚዛን 11 ካገኘን ካለፈው ዓመት አልወረድንም፣ 13 ካገኘን ደግሞ ዋንጫ እንጫወታለን።

3ኛው ወዲያው አረመው። ሊድስ አምና በሊጉ ስላልነበረ ያ ሦስት ነጥብ ምኞት እንጂ ሒሳብ አይደለም፤ ትክክለኛው 8 ከ15 ነው። አባባሉ ትንሽ ከረር ያለ ነበር። የሐዋሳው ሰው ግን አልተቆጣም። በ4 ቁጥር ተመልሶ አምና ካደጉት ከሌስተር፣ ከኢፕስዊችና ከሳውዝሃምፕተን ጋር የተደረጉት ስድስቱም ጨዋታዎች በድል እንዳለቁ አስታወሰ። አክብሮ መለሰ፣ ነጥቡንም አልለቀቀም።

እስከዚህ ጨዋ ውይይት ነበር።

5 ቁጥር ላይ ሴራው ገባ። ጸሐፊው ሊጉ አርሰናልን ሆን ብሎ ገደል አፋፍ ላይ አስቀምጦታል ባይ ነው። ማስረጃውም ሊቨርፑል በበርንመዝ ጀምሮ በስድስቱ ውስጥ በርንሊን፣ ኤቨርተንንና ክሪስታል ፓላስን ማግኘቱ ነው። ለሻምፒዮኑ ምንጣፍ፣ ለኛ እሾህ ሲል አማረረ።

ለዚህ የመለሰው በ6 ቁጥር የለንደኑ ልጅ ነው። እዚያው ሰሜን ለንደን ይኖራል፣ ነገሩን ቀረብ ብሎ ያውቃል። መርሐ ግብሩን የሚያወጣው ኮምፒዩተር መሆኑን፣ ሕጎቹም የታወቁ መሆናቸውን በትዕግሥት አስረዳ። በየትኛውም አምስት ተከታታይ ጨዋታ ውስጥ አንድ ቡድን ቢበዛ ሦስቱን ነው በሜዳው ወይም ከሜዳው ውጪ የሚጫወተው። ማንም በሁለት የሜዳ ወይም በሁለት የውጪ ጨዋታ አይጀምርም፣ አይጨርስም። ፖሊስ ይማከራል። አርሰናልና ቶተንሃም በአንድ ቀን በየሜዳቸው እንዳይገጣጠሙም ይጠነቀቃሉ። ከዚያ ወደ ሴራው ዞረ። 5ኛው የሊቨርፑልን ስድስት ሲቆጥር ኒውካስልን ከሜዳ ውጪ ዘሎታል። አርሰናልን ራሱንም ዘሎታል። ሲቲም ቢሆን በመጀመሪያዎቹ አምስት ቶተንሃምን፣ ዩናይትድንና አርሰናልን ያገኛል። ጥሩ መልስ ነበር። ያገኘው ምስጋና ግን በ7 ቁጥር የእንግሊዞች ጠበቃ መባል ነው።

8 ቁጥርን የጻፈው ማንም ያልጠራው የሊቨርፑል ደጋፊ ነው። እንዲህ ያለ ክር ላይ አንድ አይጠፋም። ሦስት ዓመት በተከታታይ ሁለተኛ የወጣን ቡድን ምን መርሐ ግብር ያስጨንቀዋል፣ ቦታው እንደሆነ ተይዟል ሲል ገባ። የኛንና የሻምፒዮኑንም ነጥብ ይዞ ነው የመጣው። 84 ለ 89፣ 89 ለ 91፣ አምና ደግሞ 74 ለ 84። ይህቺ ታማለች፣ ምክንያቱም እውነት ናት። በ9 ቁጥር አንዱ የሊቨርፑልን የ30 ዓመት የሊግ ዋንጫ ጥበቃ ወርውሮለት ነበር። ሰውየው በ10 ቁጥር የአርሰናል ደግሞ 21 ዓመት እንደደረሰና ለ30ው ብዙ እንዳልቀረው አስልቶ መለሰ። ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት መልሶች እናትና አባት ስለሚነኩ አድሚኑ አጠፋቸው። ቁጥራቸው ብቻ ቀርቷል።

ሙዱን የቀየረው 13ኛው ነው። አንዲት የጎንደር ልጅ ዝርዝሩን ሙሉ በሙሉ ወደ እኛ ቀን አዙራ ለጠፈችው። እንዲህ ሲያዩት ሌላ መልክ አለው። የኦልድ ትራፎርዱ ጨዋታ ፍልሰታ ውስጥ ነው፣ እሑድ ምሽት 12:30። ኒውካስል የወጣው መስከረም 17 ላይ ነው፤ የመስቀል ዕለት። ሊቨርፑል ወደ ኤምሬትስ የሚመጣው ታኅሣሥ 29፣ በገና። በርንመዝ ሚያዝያ 3፣ በቀዳም ሥዑር፣ ሰው ሁሉ ዶሮ ሲገነጥል በሚውልበት ቀን። ሲቲ ከሜዳ ውጪ በሳምንቱ። ብዙ ላይክ ያገኘው መልስ ይሄ ነው፣ ሲያንሰው ነው። ከሥሩም የቀልድ መዓት ተዘረገፈ። የገናን ዶሮ ማን ይሠራል፣ የመስቀል ዕለት ኒውካስል ቢያሸንፈን ክትፎው እንዴት ይወርዳል፣ በፍልሰታ ዩናይትድን መሳደብ ጾም ይፈታል ወይ የሚል ጥያቄ ሁሉ ተነሣ። የመጨረሻውን ጋሼ ራሳቸው መለሱ። ይፈታል አሉ።

የለንደኑ ልጅ በ16 ቁጥር ተመልሶ ደስታውን ትንሽ ቀነሰው። ከመጀመሪያው ሳምንት በቀር ዝርዝሩ ላይ ያሉት ቀናት ቅዳሜ ወይም ረቡዕ ላይ የተቀመጡት እንዲሁ ነው። ቴሌቪዥኖቹ ጨዋታ ሲመርጡ ወደ ዓርብ፣ እሑድና ሰኞ ይበታተናሉ። የመስቀሉም የገናውም ጨዋታ በአንድ ቀን ሊንሸራተት ይችላል። ስለዚህ ማንም በዚህ ዝርዝር ድግስ እንዳይጠራ። ትክክል ነው። ግን ደረቅ አድርጎ ነበር የጻፈው፣ የጎንደሯም ልጅ ሰርግ እየደገሰች እንዳልሆነ መልሳለታለች።

18ኛውን የጻፈችው ዱባይ ቤት ውስጥ የምትሠራ እህታችን ናት። ለእሷ መርሐ ግብር ማለት የእረፍት ቀን ነው። እሑድ ካልሆነ ጨዋታ አታይም። ስለዚህ የዩናይትዱ ጨዋታ እሑድ መዋሉ እፎይ አሰኝቷታል። በዱባይ ሰዓት ማታ 7:30፣ በእኛ አቆጣጠር 1:30፣ ይጀምራል። የመጀመሪያውን አጋማሽ ዴይራ ጓደኛዋ ጋ ታያለች፣ ሁለተኛውን በሜትሮ ውስጥ ስልኳ ላይ፣ ምክንያቱም ማታ 3 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ቤት መግባት አለባት። ቴሌቪዥኖቹ ጨዋታዎችን ወደ እሑድ ሲገፉ እኛ እናማርራለን፤ እሷ ትጸልያለች። ከጥያቄው ጋር ግንኙነት የለውም የሚል ሰው ነበር። ማንም አልሰማውም።

የሰዓቱ ነገር ከተነሣ አይቀር 19 እና 20 እዚያው ተጣሉ። አንዱ የእንግሊዝ የቀን 9 ሰዓት ጨዋታ እኛ ጋ ዓመቱን ሙሉ 11 ሰዓት ነው ብሎ ነበር። ሌላው አይደለም አለ። እንግሊዞቹ በጥቅምት መጨረሻ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ስለሚመልሱ ከዚያ በኋላ 12 ሰዓት ይሆናል፣ እስከ መጋቢት መጨረሻም እንደዚያው ይቆያል። ሁለተኛው ልክ ነው። አንደኛው ግን በስንት ዓመት ተሞክሮዬ እያለ ሦስት መልስ አባከነ።

ሰዓቱ ግድ የሚለው ሰው 24 ቁጥር ላይ ተገኘ። አዳማ ላይ ኳስ የሚያሳይ ቤት አለው። በር ላይ ጥቁር ሰሌዳ ሰቅሎ የሳምንቱን ጨዋታ በጠመኔ ይጽፋል፣ አርሰናልን በቀይ። ሁለት ቴሌቪዥን አለው። አርሰናልና ዩናይትድ በአንድ ሰዓት ሲገቡ ትልቁን ለማን እንደሚሰጥ ነው የሱ ጭንቀት። የረቡዕ ማታ ጨዋታዎችን አይወዳቸውም። በታኅሣሥ ሰሞን ምሽት 4:30 ወይም 5 ሰዓት ተጀምረው ወደ 7 ሰዓት ሌሊት ያልቃሉ። ሰው በማግሥቱ ሥራ አለው፣ ታክሲም የለም፣ ግማሹ በእረፍት ሰዓት ወጥቶ ይሄዳል። ብሬንትፎርድ ኅዳር 24 ረቡዕ መውደቁን አይቶ ከወዲሁ ተነጫነጨ።

ይህን ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የአዳማው ሰው ሳያውቀው ዋናውን ነገር ነክቷል። ብሬንትፎርድ። ማንም እስከዚያ ድረስ ስሙን ያላነሣው ቡድን።

25ኛውን መልስ የጻፈችው የባሕር ዳር መምህርት ናት። ብዙ አትጽፍም፣ ስትጽፍ ግን ሰው ያነባታል። አምና አርሰናል የጣለውን ነጥብ ሁሉ ዘረዘረችው። 38 ጨዋታ 114 ነጥብ ነው፤ 74 ይዘን ጨረስን፤ 40 ጣልን። ታዲያ የት? ከሲቲ፣ ከሊቨርፑል፣ ከቼልሲ፣ ከዩናይትድና ከቶተንሃም ጋር በተደረጉት አሥር ጨዋታዎች አንድም አልተሸነፍንም። እዚያ የጣልነው 10 ብቻ ነው። በርንመዝ ብቻውን ስድስት ወሰደ። ኤቨርተን አራት፣ ብራይተን አራት። ዌስትሃም ሜዳችን ድረስ መጥቶ ሦስት። ብሬንትፎርድ፣ ፉልሃምና ፓላስ ሁለት ሁለት። ሰባቱ ሲደመሩ 23 ነጥብ። ሊቨርፑል የበለጠን ደግሞ በ10 ነው።

ከዚያ ወደ አዲሱ መርሐ ግብር መጣች። ከኅዳር 24 እስከ ታኅሣሥ 29 ድረስ ስምንት የሊግ ጨዋታ አለ። ብሬንትፎርድ በሜዳ፣ አስቶን ቪላ ከሜዳ ውጪ፣ ዎልቭስ በሜዳ፣ ኤቨርተን በአዲሱ ስታዲየሙ፣ ብራይተን በሜዳ፣ ቪላ እንደገና በሜዳ፣ በርንመዝ ከሜዳ ውጪ፣ ሊቨርፑል በሜዳ። የሐዋሳውን ሰው ዘዴ ተጠቅማ ያምናውን ተመሳሳይ ውጤት አስቀመጠች። አቻ፣ ድል፣ ድል፣ አቻ፣ አቻ፣ አቻ፣ ሽንፈት፣ አቻ። ድምሩ 11። ከስድስቱ አስፈሪ ጨዋታዎችም 11፣ ከስምንቱ ማንም ካልፈራቸውም 11። ያኛው ከ18 ነው፣ ይሄኛው ከ24።

እኔ ከዚህ መልስ በኋላ ክሩ መዘጋት ነበረበት ባይ ነኝ። ሰው ኦልድ ትራፎርድና አንፊልድ ሲባል ይደነግጣል፣ ስማቸው ያስፈራል። ቡድኑ ግን እዚያ ሲሄድ አቻ ይዞ ነው የሚመለሰው። አንፊልድ ላይ በሊግ ከመስከረም 2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ አላሸነፍንም፤ ሆኖም እስከ 2024/25 ባሉት ሦስት የውድድር ዓመታት ሦስቴም አቻ ወጥተን ነው የመጣነው። የሚያስለቅሰን አምና ታኅሣሥ ላይ ኤሚሬትስ ድረስ መጥቶ በሩን ዘግቶ 0 ለ 0 የወሰደው ኤቨርተን ነው። ለኤቨርተን መስቀልም ገናም አይታሰብም፣ የሚፈራውም የለም። ችግሩ እዚያ ነው።

26ኛው፣ የሐዋሳው ሰው፣ ቁጥሮቹን መርምሮ ሁሉም ልክ መሆናቸውን መሰከረላት። 27ኛው ጊዜው በሙሉ ጾመ ነቢያት ውስጥ እንደሚወድቅ አይቶ፣ እንግዲህ ነጥብም ጾመን በገና ሊቨርፑል ላይ ልንፈታ ነው ሲል ቀለደ። የለንደኑ ልጅ በ28 ቁጥር ጨመረበት። መሐል ላይ የቻምፒየንስ ሊግ ጨዋታ አለ፣ በታኅሣሥ አጋማሽ ደግሞ እዚያ ከደረስን የካራባኦ ዋንጫ፣ የእንግሊዝ ሊግ ካፕ፣ ሩብ ፍጻሜ። ሊጉ በበዓሉ ሰሞን በሁለት ጨዋታ መካከል ቢያንስ 60 ሰዓት እረፍት ይኖራል ብሏል፤ እሱም ቢሆን ሁለት ቀን ተኩል ነው። አምና ሳካ የተጎዳው በዚያው በታኅሣሥ፣ ጄሱስ በጥር፣ ሃቨርትዝ በየካቲት ዱባይ ልምምድ ላይ ነው። የመርሐ ግብሩ ዋና ተቃዋሚ የጭን ጡንቻ ነው አለ። ይህቺን ወደድኳት።

29ኛው ጥሩ ዜና ይዞ መጣ። የአፍሪካ ዋንጫ በሞሮኮ ታኅሣሥ 12 ይጀምራል፣ እስከ ጥር 10 ይቆያል። ግብጽ ከምድቧ ካለፈች ሳላህ በገናው ጨዋታ ኤምሬትስ ላይ አይኖርም። አርሰናል ደግሞ ወደዚያ የሚሄድ ተጫዋች የለውም ማለት ይቻላል።

የአፍሪካ ዋንጫ ሲባል ነገሩ ሌላ ቦታ ሄደ። 30ኛው ታዲያ እኛስ የት ነን ብሎ ጠየቀ። ኢትዮጵያ ከዲሞክራቲክ ኮንጎ፣ ከታንዛኒያና ከጊኒ ጋር ተደልድላ የምድቡ መጨረሻ ሆና ቀረች። ዋንጫውን ከመሠረቱት አገሮች አንዷ፣ በ1962 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ያነሣችው አገር። ያኔ ደረጃውን የሚያሟላ ስታዲየም ስላልነበረን የሜዳችንን ጨዋታ እንኳ ሰው አገር ነበር የምናደርገው። ልጁ ቀልድ አልጨመረበትም።

ከሁሉም የከረረው 31ኛው ነው። ጸሐፊው የጊዮርጊስ ደጋፊ ነው። አርሰናል ከሜዳ ውጪ ስንት ጨዋታ እንዳለው በቃላቸው የሚያውቁ ሰዎች የራሳቸው አገር ሊግ ላይ በሜዳ እና ከሜዳ ውጪ የሚባል ነገር ትርጉም ማጣቱን ልብ ብለዋል ወይ ሲል አፋጠጠ። ሊጉ በቴሌቪዥን መታየት ከጀመረበት ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ክለቦቹ ሁሉ አንድ ከተማ ላይ ተሰብስበው ይጫወታሉ፣ ከዚያ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደሚቀጥለው ከተማ ይሄዳሉ። ባለሜዳ ተብሎ በወረቀት ይጻፋል እንጂ ደጋፊው አገር ቤት ነው። በአምስት ዓመት ፋሲል፣ ጊዮርጊስ ሁለቴ፣ ንግድ ባንክ፣ ዘንድሮ ደግሞ መድን ዋንጫ አንሥተዋል፤ እዚህ ክር ላይ ከተሰበሰበው ሰው ግማሹ ይህን ጎግል ሳያደርግ አይመልስም ብሎ ደመደመ።

አንዳንዱ ተናደደ። በ32 ቁጥር አሜሪካ ያለው የሲልቨር ስፕሪንጉ ሰው፣ አገር ወዳድነት በኳስ አይለካም፣ ደስ የሚለኝን አያለሁ ሲል መለሰ። እሱ ቅዳሜ ጠዋት ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ ከነዩኒፎርሙ ነው አርሰናልን የሚያየው፣ የሚያርፍባት ሁለት ሰዓት እሷ ናት። እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ልክ ናቸው። ግን የጊዮርጊሱን ሰው ጥያቄ ማንም በቀጥታ አልመለሰም። እኔም ዝም ብዬ አለፍኩ።

አድሚኑ በ33 ቁጥር ሁሉንም ወደ መርሐ ግብሩ መለሳቸው።

34ኛው በጥቅምት መጨረሻ አካባቢ ተከታትለው የመጡትን ሁለት የውጪ ጨዋታዎች አነሣ፤ በርንሊና ሰንደርላንድ። ያደጉ ቡድኖች ናቸው ብሎ ማለፍ ይቀላል። በርንሊ ግን አምና በሁለተኛው እርከን በቻምፒየንሺፑ 46 ጨዋታ አድርጎ የገባበት 16 ጎል ብቻ ነው። እንዲህ የሚከላከል ቡድን ጋ ሄዶ ያለ ደህና አጥቂ መመለስ አምና ያየነው ፊልም ነው። እዚህ ላይ ዮኬሬሽና ሼሽኮ እንደገና ተነሡ፣ እኔም ዘልዬ ወረድኩ።

35ኛው መጨረሻውን ያየ ብቸኛ ሰው ነው። ሚያዝያ 10 ከሲቲ በኋላ የቀሩት አምስት ጨዋታዎች ኒውካስል በሜዳ፣ ፉልሃም በሜዳ፣ ዌስትሃም ከሜዳ ውጪ፣ በርንሊ በሜዳ፣ ግንቦት 16 ደግሞ ፓላስ ከሜዳ ውጪ። ያምናውን ካየን አራቱ ሁሉ ድል ናቸው፣ በርንሊ ብቻ አምና አልነበረም። ዌስትሃምን 5 ለ 2፣ ፓላስን 5 ለ 1። ከሲቲ በነጥብ እኩል ሆነን ከሜዳው ከኢትሃድ ከወጣን ዋንጫው የኛ ነው ሲል ጻፈ። በ36 ቁጥር የባሕር ዳሯ መምህርት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው። ከሲቲ በፊት ባለው ሳምንት፣ በቀዳም ሥዑር፣ ወደ ኤምሬትስ የሚመጣው ማን እንደሆነ ያውቃል? አምና 2 ለ 1 አሸንፎን የሄደው በርንመዝ ነው። አልመለሰላትም።

37ኛው ጥያቄውን የከፈተው የመገናኛው ልጅ ራሱ ነው። ሁሉንም አንብቧል። ስለ ስድስቱ ያለውን ፍርሃት አልተወም። መስከረም ላይ ስድስት ነጥብ ወደ ኋላ ከቀረን ታኅሣሥ ላይ ብሬንትፎርድን ብናሸንፍም ትርጉም የለውም ባይ ነው። ተጫዋች ተስፋ ሲቆርጥ በአቻ ይረካል፣ አምናም የሆነው ይኸው ነው ብሎ ይሟገታል። አላሳመነኝም፤ ግን ከንቱ ክርክር አይደለም። ለራሱ ጥያቄ የሰጠው መልስ 12 ነው። ጋሼ 14 ብለዋል፣ መምህርቷ 10። የአዳማው ሰው ቁጥር አልሰጠም፤ ትልቁ ቴሌቪዥን በመክፈቻው ቀን ለዩናይትድም ለአርሰናልም ስለሚሆን ደስ ብሎታል።

38ኛው አዲስ ገቢ ነው። ከላይ ያለውን አንድም ሳያነብ አርሰናል የመጀመሪያውን ጨዋታ ከማን ጋር ነው ብሎ ጠየቀ።